ሽንሽኑ ነጭ ነበር

በጋራዡ ውስጥ በስሙ የሚጠራው ሰው አልነበረም፤ ዓይናማው ነበር የሚሉት። ተጋጭቶ የመጣ መኪና በሩ ሲቀየር፣ አዲሱን በር ከአሮጌው ገላ ጋር አንድ የሚያደርገውን ቀለም የሚቀላቅለው እሱ ነው። ሌሎቹ የቀለም ናሙናውን ከመኪናው ጋር እያስጠጉ ሲያማርጡ ይውላሉ። እሱ መኪናውን አንዴ ይዞርና፣ "ይሄ ነጭ አይደለም። ነጭ ነበር፤ አሁን ፀሐይ ጠጥቷል። ቢጫ ጠብ አድርጉበት፤ ጥቁሩን ደግሞ በመማሰያው ጫፍ ብቻ" ይላል። ቀለሙ ሲደርቅ ባለመኪናው ራሱ የተቀየረው በር የቱ እንደሆነ ፈልጎ ያጣዋል።

"አንተ ሰውዬ፣ እኛ ዓይናችንን ተበድረን ነው እንዴ የመጣነው?" ይሉታል የሥራ ጓደኞቹ።

"እናንተማ ጥሩ ዓይን አላችሁ፤ ግን የሚያየው ምሳ ሰዓትን ብቻ ነው" ይላቸዋል።

አንድ ልጅ ነበረችው። ልጅ ትባል እንጂ ፀጉሯ ሽበት የጀመራት ሴት ናት፤ ላውንድሪ ቤት ሸሚዝ ትተኩሳለች። ትምህርቷን ያቋረጠችው እናቷ አልጋ ላይ የዋለች ጊዜ ነው፤ እናቷ ከሞተች በኋላም አልተመለሰችበትም፤ የሚጠይቃትም አልነበረም። ቀኑን ሙሉ በእንፋሎት ውስጥ ቆማ፣ አንገትጌ፣ እጅጌ፣ ጀርባ እያለች ትውላለች። ማታ ስትገባ አባቷ ሻይ አፍልቶ ይጠብቃታል። ሁለት ክፍል ቤት ነው። በአንዱ ግድግዳ በኩል የጎረቤታቸው የልብስ ሰፊዋ መኪና ትር ትር ሲል ይሰማል፤ መኪናው ዝም ያለ ቀን አባቷ ግድግዳውን በጡጫው መታ መታ አድርጎ "አንቺ ሴትዮ፣ በሕይወት አለሽ?" ይላል። እሷም ከማዶ፣ "ክር እያስገባሁ ነው ጋሼ፤ እስካሁን አለሁ!" ትለዋለች።

የቤቱ ደስታ ክረምት ነበር። ዝናብ ሦስት አራት ቀን አከታትሎ ዘንቦ ካባራ፣ በዕረፍት ቀናቸው ቅርጫት ይዘው አውቶቡስ ይሳፈራሉ። የአውቶቡሱ መጨረሻ ፌርማታ ላይ ወርደው፣ የጡብ ፋብሪካውን አጥር ተከትለው ሲያልፉ ጥዱ ይጀምራል። እንጉዳይ ፍለጋ ነው። ሰው የጅብ ጥላ ብሎ በእግሩ እየረገጠ የሚያልፈውን እነሱ ተንበርክከው ያዩታል።

ይህን ያመጣችው እናቷ ነበረች። አፍንጫዋ ልዩ ነበር። ወተት ሊበላሽ ገና ሲያስብ ታውቃለች እያለ ባሏ ይቀልድባት ነበር። እሱ ደግሞ ዓይን ነበረው። ሲጋቡ ሁለቱን አንድ ላይ አድርገው የራሳቸውን ሕግ አወጡ። የእንጉዳዮቹን ስም ከማንም አልሰሙም፤ ራሳቸው አወጡላቸው። ሲነካ ሥጋው ወዲያው ሰማያዊ የሚሆነውን አኩራፊ አሉት። እንጨት ላይ ተደርድሮ የሚበቅለውን፣ ቡኒና ግራጫ ሰንበር ያለበትን፣ መደርደሪያ። ሐምራዊውን፣ ከቅጠል ሥር ተደብቆ የሚገኘውን፣ ቁስል። ቀዩን፣ ነጭ ነጠብጣብ ፈስሶበት የቆመውን፣ የሙሽራ ጃንጥላ። ይህኛው አይበላም፤ ከሩቅ አይቶ መደሰት ብቻ ነው። እናትየዋ፣ "ይቺ ሙሽራ ባሏን ገዳይ ናት" ትል ነበር።

ከሁሉም በላይ የሚወዱት አስኳልን ነው። መጀመሪያ ከመሬት ሲወጣ ነጭ እንቁላል ይመስላል። ከዚያ እንቁላሉ ይቀደድና ከውስጡ ብርቱካን የመሰለ ቆብ ብቅ ይላል። በሽንኩርት ሲጠበስ ዘይቱን ሳይቀር ወርቅ ያስመስለዋል። ክፋቱ፣ የሙሽራ ጃንጥላም ዝናብ ሲበዛበት ነጠብጣቡ ይታጠብና ቀይነቱ ደብዝዞ አስኳልን መስሎ ቁጭ ይላል። የሚለያቸው ከሥሩ ነው። እንጉዳይ ተገልብጦ ሲታይ፣ ከቆቡ በታች እንደ ቀሚስ የተሸነሸነ ነገር አለው። የአስኳል ሽንሽን ቢጫ ነው። የሙሽራዋ ነጭ ነው። አፍንጫ እዚህ ላይ ምንም አይረዳም፤ ሁለቱም ይህ ነው የሚባል ሽታ የላቸውም። ይህ የዓይን ሥራ ነው።

ሕጉ እንዲህ ነበር። ዓይን የሆነው ሰው እንጉዳዩን ከላይ፣ ከእግሩ፣ ከሥሩ አይቶ ስሙን ይናገራል። አፍንጫ የሆነው ዓይኑን ጨፍኖ ይቀበለዋል፤ ምክንያቱም ካየው ሽታውን ትቶ ያየውን ነው የሚያሸተው። አሽትቶ ሲያበቃ ያንኑ ስም ከደገመው ቅርጫት ውስጥ ይገባል። ካልሆነ "እንጃ" ይላል። አንድ "እንጃ" በቂ ነው። እንጉዳዩ ዛፉ ሥር ቆቡን ወደ ላይ አድርጎ ይቀመጣል፤ ለምን ተብሎ አይጠየቅም፤ ክርክር የለም። እነዚያ ባልና ሚስት በሌላው ነገር ሁሉ ሲከራከሩ ኖረዋል፤ በጨው፣ በመስኮት መዘጋት፣ በዘመድ ጥየቃ። ጫካ ውስጥ ግን ድምፅ አይወጣም ነበር።

እናትየዋ ልትሞት ሰሞን፣ ትንፋሿ ቁርጥ ቁርጥ እያለ፣ ልጇን ጠርታ፣ "አፍንጫው ያንቺ ነው እንግዲህ። ብቻውን እንዳትልኪው" አለቻት። ልጅቷም አልላከችውም። ከላውንድሪው እንፋሎት የተረፈውን አፍንጫዋን ይዛ በየክረምቱ ተከተለችው።

እንዲህ ሲኖሩ ቆይተው አንድ ቀን አባቷ ሥራ ቦታ የነበረውን ጥቁር ቱታ በፌስታል ይዞ፣ ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ ቤት ገባ። ለአንድ ነጭ ታክሲ በር ቀለም ቀላቅሎ ነበር። ደርቆ ሲታይ በሩ ሌላ፣ መኪናው ሌላ ሆነ። ይህ ደግሞ የመጀመሪያው አልነበረም፤ እስከዚያ ድረስ ጓደኞቹ ከኋላው እየተከተሉ ሲያስተካክሉለት ከርመዋል። የጋራዡ ባለቤት ሰው የማያስቀይም ሰው ነበርና፣ "ጋሼ፣ ዕድሜም ነው፤ ትንሽ ይረፉ" ብሎ በክብር ሸኘው።

"አምፖሎቹን ቀይረዋቸዋል" አላት ለልጁ። "በዚያ ብርሃን እንኳን እኔ ሰይጣንም ቀለም አይለይ።"

"እንዴት አድርገው ቢቀይሩት ነው አባዬ?"

"ሰማያዊ ነገር ነው። ዓይን ያደክማል።"

አመነችው። ማመን ይሻላት ነበር። እሱም ከዚያ ወዲያ ስለ ጋራዡ አንስቶ አያውቅም፤ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ ዝናብ ብቻ ይጠብቅ ጀመር። "ዘንድሮ ደመናው ቀደም ብሎ መጣ አይደል?" ይላታል። ደመና የለም። "መጣ አባዬ" ትለዋለች።

ዝናቡ በጊዜው መጣ። በዚያ ክረምት የመጀመሪያ ጉዟቸው ዕለት አባቷ እንደ ሕፃን ከእሷ ቀድሞ ተነስቶ፣ ቅርጫቱን በጉልበቱ ላይ አድርጎ ጠበቃት። አውቶቡሱ ላይ የሚያውቃቸው ረዳት፣ "ኧረ ዓይናማው! ዛሬ ጫካውን ልታራቁቱት ነው?" ሲል፣ "ለአንተም አንድ የሙሽራ ጃንጥላ አመጣልሃለሁ፤ ለጠላትህ ታበላዋለህ" ብሎ ሰዉን አሳቀ። ከጋራዡ ከወጣ ወዲህ ሲስቅ ያየችው ያን ቀን ነው።

ጥዱ ውስጥ ጭጋግ ነበር። መሬቱ በረገጡት ቁጥር ውሃ ይተፋል። አባቷ ከአንድ ግንድ ሥር ተንበረከከና በቀስታ ነቅሎ፣ ከላይ አየ፣ ከእግሩ አየ፣ ገለበጠና ከሥሩ አየ። ለረዥም ጊዜ አየ።

"አስኳል" አለ፤ ድምፁ በደስታ ቀጠነ። "አስኳል ነው እናቴ። እንኪ፣ አሽቺው።"

ዓይኗን ጨፍና እጇን ዘረጋች። እንጉዳዩ መዳፏ ላይ አረፈ። እርጥብ መሬት ሸተታት፤ ሌላ ምንም። ስሙን ልትደግም አፏን ስትከፍት ከዛፉ ላይ የጠብታ መዓት አንገቷ ውስጥ ገባና ደንግጣ ዓይኗን ገለጠች። መዳፏ ላይ የነበረው ነገር ከሥሩ ወረቀት የመሰለ ነጭ ነበር።

ቀና ብላ አባቷን አየችው። ፈገግ ብሎ ይጠብቃታል።

"እንጃ" አለች።

ፈገግታው ከፊቱ ላይ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ ሰው ትንሽ ቆየ። "በአስኳል ላይ?" አለ። "እናትሽ በአስኳል ላይ እንጃ ብላ አታውቅም። በአስኳል ላይ አፍንጫ ምን አገባው?"

ለምን ተብሎ አይጠየቅም የሚለውን ሕግ እሱ ራሱ ሲጥስ ያየችው ያን ጊዜ ነው። ወዲያው ገባው። እንጉዳዩን ተቀብሎ ዛፉ ሥር አስቀመጠው። ከዚያ ወዲያ አንገቱን ደፍቶ ሄደ። መንገድ ላይ ያገኘውን አኩራፊ እንኳ ሰማያዊ ሲሆን ለማየት አልነካውም። "ደክሞኛል፤ እንመለስ" አለ።

ሥራውን ነጥቀውታል፤ ሚስቱን አፈር በልቷታል፤ የቀረው ይህ ነው። ይህንንም እኔ ልቀማው? አለች በሆዷ። ስለዚህ ከአንድ የወደቀ ግንድ አጠገብ ሌላ ነቅሎ፣ ፈራ ተባ እያለ "አስኳል...?" ሲላት፣ ዓይኗን ጨፈነች። ጨፍናም ቢሆን ሽንሽኑ ነጭ መሆኑ ይታያት ነበር፤ ሲነቅለው አይታዋለች።

"አስኳል" አለች።

አባቷ ቀና አለ። የዚያን ቀን ቅርጫቱን ሞልተው ተመለሱ።

ቤት ሲገቡ እሱ እግሩን እየታጠበ ሳለ የቅርጫቱን ሁሉ በጋዜጣ ጠቅልላ ወስዳ የሠፈሩ ቆሻሻ ገንዳ ውስጥ ከተተችው። እውነተኛ አስኳልም ነበረበት፤ ግን ከሌላው ጋር ተነካክቷል፤ ደግሞ ቆማ የምትለይበት ልብ አልነበራትም። መንገድ ዳር ካለው አትክልት ሻጭ የእርሻ እንጉዳይ ገዛች፤ ያን ነጩን፣ መልክም ታሪክም የሌለውን። አድቅቃ ከተፈችው። በሽንኩርት ስትጠብሰው ዘይቱ ወርቅ አልሆነም። ትንሽ ቆማ አሰበችና እርድ ጨመረችበት።

አባቷ በዳቦ እየጠቀለለ በላ። "ዘንድሮ ጣዕሙ ሳስቷል" አለ።

"ዝናቡ በዝቶበት ነው አባዬ።"

"ይሆናል። ቀለሙ ግን ያው ነው።"

ክረምቱ እንዲህ አለፈ። በዕረፍት ቀን ይሄዳሉ፤ እሱ ያያል፤ እሷ ትጨፍናለች፤ ስሙን ትደግማለች። የሚያየው ነገር እየተበላሸ መሄዱ አልጠፋትም። ቁስልን ቅጠል መስሎት ረግጦት ያልፋል። ደረጃ ሲወርድ በእግሩ ጫፍ ይዳስሳል። ሻይ ሲቀዳ አንዳንዴ ከብርጭቆው ጎን ያፈሰዋል፤ ከዚያ "ብርጭቆውን ማን አነሳው?" ይላል። ሐኪም ዘንድ ልውሰድህ ብትለው እውነቱን መናገር አለባት። እውነቱን ከተናገረች ጫካው ቀረ። ይህችን ክረምት ይጨርስ፤ ከዚያ እነግረዋለሁ ትላለች። ቀን ቀንን እየገፋ፣ ካውያዋን ይዛ ስትቆም እንኳ የሚያቃጥላት ሐሳቡ ሆነ።

በክረምቱ መጨረሻ ላይ ከጫካ ተመልሰው፣ እርዱ ማለቁን አይታ ሱቅ ወረደች። ሱቁ ወረፋ ነበረው። ስትመለስ አባቷ መስኮቱ አጠገብ ተቀምጦ እያንጎራጎረ ነው። ቅርጫቱ ጎድሏል።

"አባዬ፣ እንጉዳዩስ?"

"ቆንጆ ቆንጆዎቹን መርጬ ለልብስ ሰፊዋ ሰጠኋት" አለ። "እናትሽን ስታስታምም ስንት ሌሊት ከጎኗ እንዳደረች ረሳሽው? በቤታችን ያለውን ሁሉ ቀምሳለች፤ አስኳል ግን ሰጥተናት አናውቅም። መጥታ ለመውሰድ ታፍራለች ብዬ እኔው ራሴ..."

የቀረውን አልሰማችውም። እርዱ ከእጇ ወድቆ ወለሉ ላይ ተበተነ። ሮጣ ወጣች። የልብስ ሰፊዋ በር ክፍት ነበር። ሴትዮዋ መርፌዎቿን ደረቷ ላይ ሰክታ፣ ምድጃው ፊት ቆማ መጥበሻ ታማስላለች። በአንድ እጇ ማንኪያ ወደ አፏ ይዛለች።

"እትዬ! እትዬ እንዳትቀምሺው!"

ማንኪያውን ከእጇ ነጠቀቻት። መጥበሻውንም አንስታ ማጠቢያው ውስጥ ክንብል አደረገችው። የጋለ ዘይት ውሃ ሲነካ ቤቱ በጢስ ተሞላ።

"ምን ነካሽ አንቺ ልጅ? አብደሻል?" አለች ልብስ ሰፊዋ። "የጋሼን ስጦታ..."

"ቀምሰሽዋል? እውነቱን ንገሪኝ፣ ቀምሰሽዋል?"

"ኧረ አልቀመስኩም፤ ገና ጨውም አላደረግሁበትም!"

ልጅቷ ወለሉ ላይ ተቀመጠች። አባቷ ግድግዳውን እየተደገፈ ከኋላዋ ደርሶ በሩ ላይ ቆሟል። ሁሉንም ሰምቷል። ማንም ምንም ሳይለው ወደ ጠረጴዛው ሄደና ያልተከተፈ አንድ እንጉዳይ በዳበሳ አገኘ። ወደ መስኮቱ ወስዶ ገለበጠው። እንደ ድሮው፣ መጀመሪያ ከላይ፣ ቀጥሎ ከእግሩ፣ ከዚያ ከሥሩ። ለረዥም ጊዜ አየ። ልጅቷ አሁን ይጠይቀኛል ብላ ጠበቀች። እሱ ግን ፊቱን ወደ ልብስ ሰፊዋ አዞረ።

"አንቺ ክር ስትመርጪ የምትውዪ ሴት ነሽ" አላት። "ይሄ ሽንሽኑ ምን ቀለም ነው?"

ልብስ ሰፊዋ ነገሩ ምን እንደሆነ ሳይገባት አንዴ እሱን፣ አንዴ ልጅቷን አየች።

"ነጭ ነው ጋሼ።"

"ነጭ እንዴት ያለ? ቢጫ የነካው?"

"ኧረ ምንም የነካው የለም። ሙልጭ ያለ ነጭ። የሙሽራ ቀሚስ ብሰፋ በዚህ ክር ነው የምሰፋው።"

አባቷ ራሱን ነቀነቀ። እንጉዳዩን ጠረጴዛው ላይ ቆቡን ወደ ላይ አድርጎ አስቀመጠው። ከዚያ ነው ወደ ልጁ የዞረው።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?"

"ከመጀመሪያው ዝናብ።"

"እና ክረምቱን ሙሉ የበላሁት?"

"ከአትክልት ሻጩ የገዛሁት ነው አባዬ።"

"ቢጫ ነበር እኮ።"

"እርድ ነው።"

"እርድ" አለ። የማያውቀውን ቃል እንደሚለማመድ ሰው ደግሞ፣ "እርድ" አለ። አልጮኸም፤ ፊቱም አልተቆጣም። "እናትሽ አኩርፋኝም ቢሆን፣ ጫካ ውስጥ አንድ ቀን ውሸት ተናግራኝ አታውቅም" አለና ግድግዳውን እየዳበሰ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግሥቱ ከላውንድሪው አስፈቅዳ ዓይን ሐኪም ቤት ወሰደችው። እንቢ አላለም። ጨለማ ክፍል ውስጥ አገጩን በብረት ላይ አስደግፈው ብርሃን አበሩበት፤ ግድግዳው ላይ ካሉት ፊደላት የላይኛውን ትልቁን ብቻ አነበበ፤ እሱንም በግምት። ሐኪሟ ወጣት ሴት ናት፤ ድምፀ ለስላሳ። መርምራ ስትጨርስ ልጅቷን ወደ በሩ ጠጋ አድርጋ አነጋገረቻት።

"ከፊት ያለው ሞራ ነው። ነጩን ቢጫ የሚያስመስልባቸው እሱ ነው፤ እሱን ማንሳት ይቻላል። ችግሩ ከኋላ ያለው ነው። የዓይናቸው ግፊት ከፍ ብሎ ነርቩን ጎድቶታል። በዚያ የጠፋ ዓይን አይመለስም። ሞራውን ብናነሳውም ብዙ አያዩም።"

"ክረምቱ ሲገባ ባመጣው ኖሮስ?" አለች ልጅቷ።

"በእንዲህ ያለ ሕመም አንድ ወርም አንድ ወር ነው" አለች ሐኪሟ። "ባለበት እናቆመው ነበር። የዚያን ጊዜማ የሚተርፍ ብዙ ነገር ነበር። ለምን ዘገያችሁ?"

ልጅቷ ዞር ብላ አየች። አባቷ ከኋላቸው ወንበሩ ላይ ኮፍያውን በጉልበቱ ይዞ ተቀምጧል። የታመመው ዓይኑ ነው እንጂ ጆሮው ደህና ነበር።

በአውቶቡስ ሲመለሱ ከአንድ ነገር በቀር አልተናገረም። "ፌርማታችን ደረሰ?" አለ። "ገና ነው አባዬ" አለችው። ይመናት አይመናት አላወቀችም፤ እሱ ግን አጠገቡ ለተቀመጠው ሰው ያንኑ ጥያቄ ደገመለት።

ዓመቱን ሐኪሟ ያዘዘችውን የዓይን ጠብታ እየጨመረችለት ኖሩ። ጠዋትና ማታ አንገቱን ወደ ኋላ ጥሎ ይቀመጣል፤ እሷ የመድኃኒቱን ብልቃጥ ክዳን አውልቃ፣ የዓይኑን ሽፋን ከፍታ ጠብ ታደርግለታለች። ክፉ ቃል አልወጣውም። ሻይ ማፍላት ካቃተው እሷ ታፈላለች፤ "ተባረኪ" ይላታል። ግድግዳውን መትቶ ልብስ ሰፊዋን ይጠራል። ቀልዱም አልጠፋም፤ "እኔና የጋራዡ ሰዎች አሁን እኩል ሆንን፤ ምሳ ሰዓትን አያለሁ" ይላል። ሰው ሁሉ ነገሩን ደህና ተቀበለው አለ። ነገር ግን ልጁ የምትነግረውን አንድ ነገር ሁለተኛ ሰው ሳይጠይቅ አይቀበልም ነበር። መብራት ጠፍቷል ብትለው ግድግዳውን መትቶ ይጠይቃል። ወተቱ ደህና ነው ብትለው ራሱ ያሸተዋል። በክፋት አልነበረም፤ እጁ ብቻውን የሚሄድ ይመስል ነበር። እሷም አይታ እንዳላየች ታልፋለች። ምን ልትለው? እመነኝ የሚባል ነገር ተለምኖ አይገኝ።

ክረምቱ ተመለሰ። ዝናቡ ያባራ ቀን፣ ሳትጠይቀው፣ "ቅርጫቱ የት ነው?" አለ።

"አባዬ... እንሂድ እንዴ?"

"እንሂድ እንጂ። አሁን ዓይኑ አንቺ ሁኚ። እኔ አፍንጫ እሆናለሁ።"

ያን ቀን ልቧ እንዴት እንደዘለለ! ለመንገድ ዳቦ ቋጠረች፤ ጫማውን ጠረገችለት። ከመጨረሻው ፌርማታ ወርደው፣ በጡብ ፋብሪካው አጥር በኩል ክንዷን ይዞ ሄደ። ጫካው ውስጥ ሲገቡ አየሩን ሳብ አደረገና "አሁን ጥዱ ጀመረ" አለ። እውነቱን ነበር።

ከአንድ ትልቅ ግንድ ሥር አስኳል አየች። እንዲህ ያለ አይታ አታውቅም። ግማሹ ገና እንቁላሉ ውስጥ ነው፤ ግማሹ ወጥቶ ጤዛ ይዟል። ተንበርክካ ነቀለችው። ከላይ አየች፣ ከእግሩ አየች፣ ገልብጣ ከሥሩ አየች። ሽንሽኑ ቢጫ ነበር፤ የጫጩት ላባ የመሰለ ቢጫ። አባቷ እንደሚያደርገው ወደ ብርሃን ዞራ እንደገና አየች።

"አስኳል" አለች። "አስኳል ነው አባዬ። ከሥሩ ቢጫ ነው።"

መዳፉ ላይ አኖረችለት። ልማድ ሆኖበት፣ ወይም ለሕጉ ብሎ፣ ዓይኑን ጨፈነ። ወደ አፍንጫው አስጠጋው። ለረዥም ጊዜ አሸተተው። በአውራ ጣቱ ሽንሽኑን በቀስታ ዳበሰው፤ ቀለሙን በጣቱ የሚያገኘው ይመስል። ከሩቅ የፋብሪካው ማሽን ይሰማል። እሷ ጠበቀች።

"እንጃ" አለ።

ተቀብላው ዛፉ ሥር አስቀመጠችው፤ ቆቡን ወደ ላይ አድርጋ። ሁለተኛውን አገኘች። እሱም እንጃ ሆነ። አኩራፊን ሰጠችው፤ ሰማያዊ ሆነ አባዬ አለችው፤ እንጃ። አንድም ስም አልደገመላትም። ለምን ልትለው ብዙ ጊዜ አፏን ከፍታ ነበር። ግን ክርክር የለም። ባለፉበት መንገድ ሁሉ በየዛፉ ሥር የተቀመጡ ቡኒና ብርቱካን ቆቦች ተሰልፈው ቀሩ።

ሲመለሱ ባዶውን ቅርጫት እሱ ያዘው። አውቶቡሱ ላይ ረዳቱ አይቷቸው፣ "ዓይናማው! ዛሬ ምነው ባዶ?" አለ።

አባቷ ፊቱን ወደ ድምፁ አዙሮ፣ "ዝናቡ በዝቶበት ነው" አለው።

ልጅቷ ፊቷን ወደ መስኮቱ መለሰች። ቤት ደርሰው ምድጃውን ለኮሰች፤ ሽንኩርት ከተፈች፤ መጥበሻውን ጣደች። እርዱ መደርደሪያው ላይ ነበር። አላወረደችውም። ሽንኩርቱን ብቻ ጠብሳ በዳቦ አቀረበችለት። እሱም ሳይጠይቅ በላ።